እግሩን የሚያይ ሞልቷል፣ ጀርባውን ማን ይይለት?

ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ ወደ ጎኑ ጠጋ እንደሚያደርግ የማያውቅ የስፖርት አፍቃሪ የለም። ነገሩ ወዲህ ነው። አርሲ ውስጥ ልጅ ሳለ ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ሰውነቱ ያንኑ ይዞ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ደግሞ ሲድኒ ላይ ወርቅ ሲያጠልቅም ደብተሩ ከእጁ የወጣ አይመስልም ነበር።

የያኔው ሸክም ግን ደብተር ነው። የዛሬው የአዲስ አበባ ተማሪ መጽሐፉን፣ የምሳ ዕቃውንና የውሃ ኮዳውን ጭኖ ነው ከቤት የሚወጣው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ እስኪሰቀል እንኳ ቦርሳውን ከጀርባው አያወርድም። የሕፃናት ሐኪሞች የቦርሳ ክብደት ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራሉ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 2፣ ቢበዛ 3 ኪሎ መሆኑ ነው። እስቲ የልጅዎን ቦርሳ ዛሬ ማታ ሚዛን ላይ ያውጡት!

ሆኖም ሁሉንም በቦርሳ ማላከክ አይገባም። ከባድ ቦርሳ ትከሻና ጀርባ ያሳምማል፣ ልጁንም ያጎብጣል። አከርካሪን ወደ ጎን የሚያጣምመው ስኮሊዮሲስ ግን ከቦርሳ የሚመጣ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ፣ ልጅ መመዘዝ ሲጀምር ጎልቶ ይወጣል፤ የሚብሰውም በሴቶች ላይ ነው። «ቀና በል!» እያሉ መጮህ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። ዩሴን ቦልት ስኮሊዮሲስ እንዳለበት ራሱ ተናግሯል። የባየር ሙኒክ ሐኪም የነበሩት ሙለር ቮልፋርት ያከሙት ሰው ነው። የሆድና የጀርባ ጡንቻውን ለዓመታት ሲያጠነክር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ገባ። ጀርባው የተጣመመ ልጅ ከሜዳ ይባረር ያለው ማነው ታዲያ?

ዋናው ጥያቄ ማን አየው የሚለው ነው። ሰፈር ውስጥ ፕሮጀክት የያዘ አሰልጣኝ የልጁን ግራ እግር፣ ፍጥነቱን፣ ቁመቱን ያያል። ጀርባውን አያይም። ልጁ ወገቤን አመመኝ ሲል «ተወው፣ ሲሞቅህ ይለቅሃል» ይባላል። ወደ ኋላ መለጠጥና መጠማዘዝ ሲደጋገም የታዳጊ ተጫዋች የታችኛው አከርካሪ አጥንት ሊሰነጠቅ እንደሚችል ስንቱ አሰልጣኝ ያውቃል? ሳምንታት የቆየና ወደ ኋላ ሲለጠጥ የሚብስ ሕመም ዕረፍትና ሐኪም ይፈልጋል፤ በወጌሻ እሽታ የሚታለፍ አይደለም።

ጉብጠት ከትኩሳትና ከክሳት ጋር ከመጣ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ዶክተር ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ ተቀምጠው ስንትና ስንት ጀርባቸው የጎበጠ ልጆችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና ሲልኩ የኖሩት፣ ነገሩ በጊዜ ሳይታይ ሲቀር ምን ያህል እንደሚከፋ ያሳያል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን ለማየት ከስፖርት አስተማሪው የተሻለ ሰው የለም። ልጆቹን በቁምጣ የሚያገኛቸው እሱ ብቻ ነው። ግን ሜዳው ሕንጻ ተሠርቶበታል፤ ፈተና ሲቃረብም በመጀመሪያ ለሒሳብ ማካካሻ የሚሰጠው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ዴስክ ላይ ተጣብቆ የሚውል ልጅ ጡንቻው ከየት ይምጣ? ይህን እያደረጉ «ተተኪ ጠፋ» ብሎ ማልቀስ ያስቃል።

የአስተማሪው ሥራ ከባድ አይደለም። ልጁ ሸሚዙን አውልቆ፣ እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ ጎንበስ ይላል፤ ከኋላ ሲታይ የአንዱ ጎን ጎድን ከሌላው ከፍ ካለ ወደ ሐኪም ነው። ለሴቶቹ ሴት አስተማሪ ትመደብ። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለም ቅዳሜ ፕሪሚየር ሊግ ሊያይ የሚወጣው አባት ከመውጣቱ በፊት ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። የአንድ የቫር ውሳኔን ያህል ጊዜ እንኳ አይወስድም።