ከበሩ ውጭ የቆመው ቤተ ዘመድ

የመርካቶ ሰው ብቻውን አይታመምም። ምናለሽ ተራ ላይ የአንድ ነጋዴ ሱቅ ሳይከፈት ከዋለ ከቀትር በፊት ጎረቤቱ ይጠይቃል፤ ማታ ዕድሩ ይሰማል፤ በማግስቱ ገሚሱ ከራጉኤል ደጅ፣ ገሚሱ ከአንዋር መስጊድ ይጸልይለታል። ይህ ሁሉ ወገን ግን የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። በሩ የሚከፈትለት የመድኃኒት ማዘዣ ሲወጣ ነው።

ይህን የምጽፈው ከወሬ ተነሥቼ አይደለም። አጎቴ በዚያው ተራ ዕድሜያቸውን የፈጁ ነጋዴ ነበሩ። ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ለሰባት ቀን በመሣሪያ ሲተነፍሱ፣ ባለቤታቸው ጋቢያቸውን ኮሪደር ላይ አንጥፈው ሰነበቱ። «ዛሬስ እንዴት አደሩ?» ብለው ዘበኛውን ሲጠይቁት «እናቴ፣ ሐኪሙን ይጠይቁ» ይላቸዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ ሲገባም ሲወጣም በሩጫ ነው። በስምንተኛው ቀን ጠዋት አንድ ወረቀት ተሰጥቷቸው ወደ ክፍያ መስኮት ተላኩ። ማንበብ ስለማይችሉ ለእኔ አቀበሉኝ። የአስከሬን መውጫ ነበር።

ለመሆኑ፣ ለመርዶ ሽማግሌ መርጦ፣ ቤተ ዘመድ አሰባስቦ፣ ማለዳ በር የሚያንኳኳ ሕዝብ ሐዘኑን በክፍያ መስኮት እንዲሰማ የፈረደበት ማን ነው?

ዓላማዬ ሐኪሞችንና ነርሶችን መክሰስ አይደለም። አልጋው ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሰው ሁሉ እንደ ልቡ ይግባ ቢባል ተላላፊ በሽታ አብሮ እንደሚገባም አልክድም። ነገር ግን አስታማሚው ዛሬም ቢሆን ከሕክምናው ውጭ አይደለም። በሆስፒታሉ የታጣውን መድኃኒት ከውጭ የሚገዛ፣ ደም የሚለግስ ዘመድ የሚያፈላልግ፣ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ሲባል የሚፈርም እርሱ ነው። ለወጪውና ለኃላፊነቱ ቤተሰብ፣ ለመረጃው ግን ባዕድ! ያልተነገረውን ነገር ፈቅዶ የሚፈርም ሰው በእኔ እምነት ፈቀደ ሊባል አይገባም።

መፍትሔው የሀብታም አገር ቅንጦት የሚመስለው ካለ አንድ ምስክር ልጥቀስ። በፈረንሣይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በ22 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሊሞቱ የተቃረቡ የ126 ሕሙማንን ቤተሰቦች ተከታትሏል። ለገሚሱ የተለመደው አሠራር ቀጠለ፤ ለገሚሱ ሐኪሞቹ በዕቅድ ተቀምጠው አነጋገሩት፣ አጭር ጽሑፍም ሰጡት። ቤተሰቡ ራሱ የተናገረበት ጊዜ በተለመደው አሠራር 5 ደቂቃ ሲሆን በዚህኛው ወገን 14 ደቂቃ ነበር። ከ90 ቀን በኋላ ሲጠየቁም የጭንቀት፣ የድባቴና የሥነ ልቦና ቁስል ምልክት ያነሰባቸው የተነጋገሩት ነበሩ። አዲስ መሣሪያ አልተገዛም፤ የተጨመረው ጆሮ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ለጤና አገልግሎት የሚመደበው ሀብት በየጊዜው እያደገ እንዲሄድ መንግሥትን ያስገድዳል። ሹሞቻችንም ሪባን ሲቆርጡ አልጋና መሣሪያ ይቆጥሩልናል። ከበሩ ውጭ ስንት ሰው ሳይነገረው እንዳደረ የሚቆጥርልን ግን የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። በቀን አንድ የታወቀ ሰዓት ሐኪሙ ወይም ነርሷ ቤተሰቡን ተቀምጠው ያነጋግሩ። አንድ ሰው እጁን ታጥቦ፣ መከላከያ ልብስ ለብሶ፣ ለጥቂት ደቂቃ የበሽተኛውን እጅ ይያዝ። ሞት በወረቀት ሳይሆን በክፍል ውስጥ፣ በሰው አንደበት ይነገር። ቤተ ዘመዱ በዝቶ ያስቸግራል ለሚሉም መልስ አለ፤ ዕድር ዳኛውን እንደሚመርጥ ሁሉ ቤተሰብም ሰምቶ የሚያሰማ አንድ ሰው መምረጥ ያውቅበታል።

አጎቴን ማንም ሊያድናቸው አይችልም ነበር ይሆናል። ባለቤታቸውን ግን ከዚያ ወረቀት ማዳን ይቻል ነበር።

ቸር ይግጠመን።