ዘማች መሸኘቱንስ እናውቅበታለን

ኅዳር 2014 ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ ወረርሽኝ አልነበረም። ተማሪው ወጥቶ የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስብ ነው የታዘዘው። ባለቤቱ ግንባር ነው፣ እህሉ ማሳ ላይ ረግፎ ይቀራል ተብሎ። በዚያ ሰሞን እናቶች በየሰፈሩ ተሰብስበው በሶና ዳቦ ቆሎ ሲያዘጋጁ፣ ነጋዴው ሰንጋ ሲያቀርብ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ሲቆርጥ፣ ውጭ አገር ያለውም ወገን ዶላሩን ሲልክ አይተናል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ያ ዘማች አንድ እጁን ግንባር ትቶ ከተመለሰ በኋላ የዘንድሮውን ጤፍ የሚያጭድለት ማን ነው?

መልሱ አይጠፋችሁም። ሚስቱ ናት፣ ወይም ያረጀች እናቱ፣ ወይም ለዚሁ ሲባል ከትምህርት ቤት የቀረ ልጁ። በ2014 ትምህርት ቤት የዘጋች አገር ዛሬ አንድ ቅዳሜ ደቦ መጥራት አቅቷታል።

«አገሪቱ ደሀ ናት፣ ምን ታድርግ?» የሚሉኝ አሉ። ስንቁ ሲዘጋጅም ደሀ ነበረች። ያኔ ቀበሌው ቤት ለቤት እየዞረ ማን እንደዘመተ፣ ስንት ጥማድ እንዳለው፣ ስንት ልጅ እንደተወ ይመዘግብ ነበር። መዝገቡ የተከፈተው ሰውየው እንዲሄድ ስለተፈለገ ነው። ከሄደ በኋላ የሚፈልገው ጠፋ።

መንግሥት ምንም አልሠራም እያልኩ አይደለም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፣ በማግሥቱ ወር ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዕቅዱ 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ይመለከታል፣ 760 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ተባለ። በመጀመሪያው ዙር 75 ሺህ የትግራይ ተዋጊዎች ወደ ማዕከል የሚገቡበት ሥራ የተጀመረው ግን ኅዳር 2017 ላይ ነው። ከፊርማው ሁለት ዓመት በኋላ! ወጣቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቪልም ወታደርም ሳይሆን ተቀመጠ። ማዕከል የደረሰውም ተመዘገበ፣ የጥቂት ቀን ሥልጠና ወሰደ፣ ገንዘብ ተሰጠው፣ ወደ ቤትህ ተባለ። ጠብመንጃው ተቆጥሮ ገቢ ሆኗል። ሰውየው ቤቱ ሲደርስ የሚቆጥረው ግን የለም። መቀሌ ላይ አካል ጉዳተኛ ታጋዮች ሕክምና አጣን ብለው አደባባይ እስከ መውጣት የደረሱት ዝም ብሎ አይደለም።

ይህን ፊልም ደግሞ አይተነዋል። ደርግ ሲወድቅ፣ በ1983፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ባንድ ጊዜ ተበተነ። ከፊሉ ወደ ሱዳንና ኬንያ ተሰደደ፣ ከፊሉ በየማሠልጠኛ ካምፑ ታጉሮ ፖለቲካ ተማረ። ዕድሜው ካርባ ያለፈ የአዲስ አበባ ሰው የወታደር ካፖርት ደርቦ፣ በክራንች ተደግፎ የሚለምን ሰው አላየሁም ቢለኝ አላምነውም። ያ ሰው ትናንት ለአገር ዳር ድንበር ተብሎ የተላከ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግን ስሙ «የደርግ ወታደር» ሆኖ ቀረ።

ሆኖም ከዚያ ዘመን የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ወደ ገጠር የተመለሰው ወታደር ከተማ ከቀረው ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ኑሮውን ይዟል። ለዚያም ተቋቁሞ የነበረው ኮሚሽን የወራት ቀለብ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ሰጠ፣ ለአንዳንዱም በሬ። የገበሬ ማኅበሩ ደግሞ ከመሬቱ ቆርሶ አካፈለው። ጎረቤት ነበረው፣ ማሳ ነበረው፣ ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበት ነበረው። ከተማ የቀረው ግን ጥቂት ወራት የምትከፈል ብር ይዞ ሥራ ፍለጋ ወጣ፣ ብሯ ስታልቅ መንገድ ዳር ተቀመጠ።

ዛሬ ያ የገጠር መሬት የለም። ቀበሌው እዚያው ተወልዶ ላደገው ጎረምሳ እንኳ የሚሰጠው የለውም። ታዲያ የያኔውን የከተማ ዘዴ፣ ማለትም ጥቂት ብር አስይዞ መሸኘትን፣ ለሁሉም ማዳረስ የያኔውን ልመና ለሁሉም ማዳረስ ነው።

ስለ ሚሊሻው ደግሞ የሚያወራ የለም። መደበኛው ወታደር ቢቆስል ቦርድ አለው፣ ጡረታ አለው፤ ቢጓተትም የሚያንኳኳው በር አለው። በሰሜን ወሎ፣ በአፋር፣ በጎንደር የራሱን ጠብመንጃ ይዞ፣ ከራሱ ጎተራ ሰንቆ የወጣው ገበሬ ግን በአብዛኛው የደመወዝ መዝገብ ላይ አልነበረም። እግሩ ሲቆረጥ «ወታደር ነበርክ?» ተብሎ ማስረጃ ይጠየቃል። ሲዘምት ማስረጃ የጠየቀው አልነበረም።

እግር ካነሣን ይህንንም ልበል። ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተገጥሞ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ያረጃል፣ ይሰበራል፣ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። ፎቶ ተነሥተን ካስረከብነው በኋላ ሲሰበር ገበሬው ከወረዳው ተነሥቶ የሚሠራበት ከተማ ድረስ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ማደሪያ ይከፍላል፣ ወረፋ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ይተዉትና ወደ ዱላቸው ይመለሳሉ። ሌሊት እየጮኸ የሚነሣውንማ ማን ይቁጠረው? አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ገጠር ያለው ጸበል ይወሰዳል ወይም ታስሮ ይቀመጣል።

«የዚያኛው ወገን ተዋጊ ምን አገባን?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሁሌም ይመጣል። እሺ፣ ርኅራኄውን ተዉት፣ ሒሳቡን እናስላ። በመጋቢት 2015 ማብቂያ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ። ለአባላቱ የተሰጠው ማብራሪያ ጥቂት፣ የተሰጠው ጊዜም አጭር ነበር። ከአማራ ልዩ ኃይል ጥቂት የማይባሉት መሣሪያቸውን ይዘው ጫካ ገቡ። ሐምሌ 28 ቀን በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጦርነቱ በዚህ ብቻ መጣ አልልም፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን መተኮስ ብቻ የሚያውቅ፣ የሚቀበለው ያጣ ወጣት በዚህች አገር ሥራ አጥቶ አይቀመጥም። የሚቀጥረው አለ።

ዕድር ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ የማን ወገን ነበር ብሎም አይጠይቅም። ይህ ድርጅት በየሰፈሩ አለ፣ ነፃ ነው፣ ቤቱን ሁሉ ያውቃል። ኮሚሽኑ በዶላር ለሚያሠራው ምዝገባና ክትትል ዕድሩን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት ያውቅ ይሆን? እኔ ይህን ሲባል አልሰማሁም።

እስቲ በዚህ ሳምንት የምትችሉ ቀበሌያችሁ ጎራ በሉና ጠይቁ፦ ከግንባር የተመለሱ ሰዎች ዝርዝር አላችሁ ወይ? ሚሊሻው አለበት ወይ? አካል ጉዳተኛው በስንት ጊዜ ይጎበኛል? የተነገራችሁን ኮሜንት ላይ አስፍሩ። የወረዳውን ስም ብቻ ጻፉ፣ የሰው ስም አትጥቀሱ።