ለእንጦጦ ድውያን

ከየካ አድባራት ደጃፍ ቆሞ ዓይኑን ወደ እንጦጦ የሚያነሣ ምእመን፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን የእንጦጦ ማርያምን ደብር ብቻ ሳይሆን፣ ፈውስ ሽተው ከሩቅ አገር መጥተው በጸበሉ አካባቢ የተጠለሉትን ድውያንም ሊያስብ ይገባዋል።

ጸበልና መድኃኒት እንደ ባላንጣ ይታዩ በነበረበት ጊዜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸው ስንት ነፍስ እንዳተረፈ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ያ ቃል ግን ዛሬም የሚፈጽመው እጅ ይሻል። ከጥምቀቱ ወጥቶ በደጋው ብርድ የሚንዘፈዘፈውን የሚያለብስ፣ ኪኒን ለሚውጠው ትኩስ ሽሮ የሚያቀርብ፣ የደከመውን ደግፎ እስከ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ ዘመድ ለሌለው ዘመድ የሚሆን ያስፈልጋል።

ይህ ተልእኮ ለጥቂት ደጋግ ሰዎች መተው የለበትም። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ ያስተባበረው ለሕንፃ ማሠሪያ መዋጮ እንዲሰበስቡ ብቻ አይደለምና፣ የየካ ሚካኤልና የአጎራባቾቹ አድባራት ጉባኤያት ወረፋ ተከፋፍለው ድውያኑን እንዲጎበኙ አጥብቀን እንለምናለን። ጥር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት በዝማሬ የሚያጅበው ወጣት ጉልበቱን፣ ሐኪሙና ነርሷ ሙያቸውን፣ የሰንበቴ ማኅበርተኞችም ከማዕዳቸው ከፍለው ይስጡ። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በየሰበካው ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይጠይቅ፤ የደብር አለቆችም የመጣውን ሳያመላልሱ ሥራ ይስጡት።