«አንተ» ልበላት ወይስ «አንቺ»?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አብሮ አደግ ጓደኛ አለኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው በወንድነት ነው። ከሁለት ወር በፊት ግን «ከልጅነቴ ጀምሮ በውስጤ ሴት ነኝ፤ ካንቺ ሌላ ለማንም አልነገርኩም» አለችኝ። እወዳታለሁ፤ ግን ምን ብዬ እንደምጠራት እንኳ ግራ ገብቶኛል። የሰፈር ልጆች «ያ ሴታሴት ጓደኛሽ ምን ሆኖ ነው?» እያሉ ይነዘንዙኛል። ለእናቷ ብነግር ይሻላል?
ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ እንኳን ጻፍሽልን! እንደ ጓደኛሽ ያሉ ሰዎች «ትራንስጀንደር» ይባላሉ። ሲወለዱ የተባሉት ፆታና ራሳቸውን የሚያውቁበት ፆታ የተለያየ ነው። «እብደት ነው» የሚልሽ ካለ፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ይህን ከአእምሮ ሕመሞች ተርታ አውጥቶታል።

ለእናቷ መንገሩን ግን ተዪው! ምስጢሩ የሷ ነው፤ ትንገራቸው አትንገራቸው የምትወስነው ራሷ ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቲክቶክ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ ስንቱ ለዛቻና ለድብደባ እንደተጋለጠ አትርሺ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋንና ለንጽሕና ክብር ተቃራኒ የሆነ ሌላ ድርጊትን ነው፤ ስለ አለባበስም ሆነ ስለ አረማመድ አያወራም። ሰፈር ግን አንቀጽ አገላብጦ አይፈርድም፤ በወሬ ነው የሚፈርደው። ስለዚህ በስልክሽ ያለውን ፎቶዋንና መልእክቷን ሳይቀር ጠብቂ።

አጠራሩን በተመለከተ ራሷን ጠይቂያት። «ሁለታችን ብቻ ስንሆን ምን ልበልሽ? ሰው ፊትስ?» በያት። ምናልባት ለብቻችሁ «አንቺ»፣ ሰው ፊት «አንተ» እንድትያት ትፈልግ ይሆናል። ይሄ ማስመሰል አይደለም፤ እሷን መጠበቅ ነው። አማርኛችን «ና» እና «ነይ» እያለ ወንድና ሴት ቢለይም መውጫ አለው፦ «እንሂድ»፣ «ቡና እንጠጣ»፣ «የት እንገናኝ?» ስትዪ ፆታ የለበትም።

የሰፈር ልጆቹን ደግሞ «በሰው ኑሮ ምን አገባችሁ?» ብለሽ ወሬውን ቀይሪ። ረጅም ማብራሪያ አትጀምሪ፤ ማብራሪያ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። «ሴታሴት» ብለው ሲስቁ ግን አብረሽ አትሳቂ። እዚያ ባትኖር እንኳ አንድ ቀን ትሰማለች።

«ሃይማኖቴስ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እምነትህን ቀይር ያለህ የለም ወንድሜ! ሰው እንዳይደበደብ፣ ከቤቱ እንዳይባረር መከላከል ግን ከየትኛው እምነት ይጋጫል?

በመጨረሻም ክፉ ቀን ሳይመጣ ተነጋገሩ። ቤተሰብ ሰምቶ ቢያባርራት የት ታድራለች? ማን ይደወልላታል? መታወቂያዋና የትምህርት ማስረጃዋስ በእጇ ነው? ተስፋ የመቁረጥ ነገር ካየሽባት ብቻዋን አትተያት፤ ምስጢር የሚጠብቅ ሐኪም ፈልገሽ አብረሻት ሂጂ። ከሁሉ በፊት ግን እንደ ድሮው ጥሪያት፤ ሻይ ጠጡ፣ ተሳሳቁ። ምስጢሯን ከነገረችሽ በኋላ ከራቅሻት መንገሯን ትጸጸታለች።

ለሳምንት ያድርሰን።