የዘር ምሕንድስናና የአቀስታ በግ

በአሁኑ ዘመን የዘር ምሕንድስና ነገር በመማሪያ ክፍልም በሻይ ቤትም በየጊዜው ይነሣል። ግማሾቻችን «አገራችን ይህን ጥበብ ካልያዘች ከዓለም ኋላ ትቀራለች» ስንል፣ ሌሎቻችን ደግሞ «ለደኻ ገበሬ የማይደርስ የሀብታም ጨዋታ ነው» እንላለን። ለሁለቱም ወገን የምናቀርበው አንድ ጥያቄ አለን፤ ይኸውም ለመሆኑ እናሻሽለዋለን የምንለውን እንስሳ እናውቀዋለን ወይ? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ እንመልከት። በስኮትላንድ የሚገኘው የሮዝሊን ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 ዶሊ የተባለችውን በግ ከአንዲት በግ የጡት ሕዋስ ሲያስገኝ፣ 277 እንቁላሎች ተሞክረው በሕይወት የተወለደችው እርሷ ብቻ ነበረች። በተከታዩ ዓመት የሰው ዘረ መል የገባባት ፖሊ ተወለደች። ዛሬ ክሪስፐር የሚባለው ዘረ መልን ቆርጦ የማስተካከያ ዘዴ ድካሙን ቀንሶታል። ይሁን እንጂ ሕዋስ የሚያድግበት ንጹሕ ክፍል፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ጽንስ የሚሸከሙ እናት በጎችና ከሌላው መንጋ የተለየ በረት አሁንም ያስፈልጋሉ። ከሁሉም በላይ ስለ ጽንስ፣ ስለ ዘረ መልና ስለ እንስሳት ሕክምና በሚገባ የተማሩ፣ አብረውም የሚሠሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። በሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ፤ ዓለም አቀፉ የከብት ምርምር ተቋም ኢልሪም በአዲስ አበባ ትልቅ ግቢ አለው። ይኸው ተቋም በናይሮቢ ገንዲን የሚቋቋም ከብት ለማግኘት በሚያደርገው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2012 ቱማይኒ የተባለ ጥጃ በክሎኒንግ አስወልዷል። ሕጉም ቢሆን አለ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ እንዲህ ያለው ሥራ በፈቃድ እንዲከናወን ያዛል።

ነገር ግን መቁረጫው ቢገኝ የቱን ዘረ መል እንቆርጣለን? በውርጭ የሚጸናው፣ ግልገሉን የማይጥለው፣ በቀላሉ የሚሰባው በግ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው አባቱና እናቱ ተመዝግበው፣ ክብደቱም በየወሩ ሲመዘን ነው። መዝገብ የሌለው ላቦራቶሪ የሚሠራውን አያውቅም።

ለዚህም ጎረቤታችን መንዝ ትምህርት ይሆነናል። የደብረ ብርሃን የበግ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1967 ተቋቁሞ፣ ቆይቶም ከውጭ የመጣውን አዋሲ ከመንዝ በግ ጋር እያዳቀለ ክልስ አውራዎችን ለገበሬው አከፋፈለ። ክልሶቹ በዕድገት ብልጫ ነበራቸው፤ ሆኖም የሚከፋፈለው አውራ ለገበሬው አልበቃም፣ ማኤዲ ቪስና የተባለው የሳንባ በሽታም በማዕከላቱ ተገኘ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን ኢካርዳና አጋሮቹ በዚያው በመንዝ ሌላ መንገድ ያዙ። የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ የተመዘገበውን የግልገሎች ክብደት አይተው፣ ምርጦቹን አውራዎች ራሳቸው መረጡ፤ በጋራም ተጠቀሙባቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

በአቀስታና በመካነ ሰላም ደጋ ያለው ልማድ ግን ሌላ ነው። ፈጥኖ የደረሰው ጠቦት ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ገበያ ቀድሞ ይወጣል፤ ሌላውም ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል። መንጋውን የሚያጠቃው ሳይሸጥ የቀረው ደካማው ነው። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ዐላዋቂ ስለ ሆነ አይደለም፤ የማዳበሪያ ዕዳና የልጅ ደብተር ስለማይጠብቁት ነው። ከእኛም መካከል በበግ ዋጋ ለትምህርት የበቃን ጥቂቶች አይደለንም። በዚህ አኳኋን በየዓመቱ ከደጋው የሚወጣውን መልካም ዘር ነገ በየትኛውም ማሽን መልሰን አናገኘውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በአካባቢያችን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ መቅደላ አምባም ወሎም፣ በጥቂት ቀበሌዎች የበግ መዝገብ ይክፈቱ፤ ተማሪውም በዕረፍቱ ወራት ሚዛንና ደብተር ይዞ በየመንደሩ ይሠማራ። ሁለተኛ፣ ምርጥ አውራውን ለማይሸጠው ገበሬ የበዓሉን ዋጋ የሚተካ ገንዘብ ከኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያገኝበት መንገድ ይፈለግ፤ ያለዚህ «አትሽጥ» ማለት ከንቱ ምክር ነው። ሦስተኛ፣ ውድ የሆነው የዘር ምሕንድስና መሣሪያ በየዩኒቨርሲቲው ለጉብኝት ቀን ከሚደረደር ይልቅ፣ አንድ በሚገባ የተደራጀ ቤት ተሠርቶ የሁሉም መምህራንና ተማሪዎች እንዲገለገሉበት ይሁን።

መምህሮቻችን «በጀት የለም» ይሉን ይሆናል። ለላቦራቶሪው እውነት ነው፤ ሚዛንና ደብተር ግን የሚጠይቁት ከገንዘብ ይልቅ ፈቃደኝነትን ነው። መጪው ክረምት ሳይገባ ማን ከየትኛው ቀበሌ እንደሚጀምር ተነጋግረን እንወስን እንላለን።