ባሕር ወደ ቤት ሲመጣ

ባለፈው ስለ ጨረቃ ስናነብ አንድ አባት «ባሕርም እንደ ወንዝ ይሞላል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ያን ዕለት ደኅና አድርገን አልመለስንላቸውም። ዛሬ እንመልሳለን።

አዎ፣ ይሞላል። ጨረቃና ፀሐይ ውሃውን ይስቡታል። ስለዚህ ባሕር በብዙ ስፍራ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱ ይበረታል። የባሕር ዳር ሰው ይህን ለምዶታል፤ አይፈራውም። የሚፈራው አውሎ ነፋስን ነው። ኃይለኛ ነፋስ ውሃውን እየገፋ ወደ ምድር ያመጣዋል። ይህ የሆነው በሙላቱ ሰዓት ከሆነ፣ በሙላት ላይ ሌላ ሙላት ይጨመራል።

በእስያ ባንግላዴሽ የምትባል አገር አለች። ደቡቧ ትላልቅ ወንዞች ባመጡት ደለል የተሠራ ሜዳ ነው። መሬቱ ለሩዝ ይስማማል፤ ከባሕሩ ግን እምብዛም ከፍ አይልም። ባሕሩም ወደ አገሪቱ ሲጠጋ እየጠበበ፣ ጥልቀቱም እያነሰ ይሄዳል። ታዲያ የተገፋው ውሃ ወዴት ይሂድ? ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያም በሜዳው ላይ ይፈሳል።

ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ሌሊት የሆነው ይኸው ነው። አገሩ ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል ነበር። ውሃው በአንዳንድ ስፍራ 6 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ አለ። ይህ ከሦስት ሰው ቁመት ይበልጣል። ቢያንስ 300 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ዛፍ አቅፈው ያደሩ ተረፉ፤ ደረታቸውና ክንዳቸው ግን በግንዱ ተልጦ ነበር። ሕፃናት፣ አረጋውያንና ብዙ ሴቶች እስኪነጋ ይዘው መቆየት አልቻሉም።

ሰዎቹ አልሰሙም ነበር? ብዙዎቹ ሰምተዋል። ግን ከጥቂት ሳምንታት በፊትም ማዕበል ይመጣል ተብሎ፣ እንደተፈራው ሳይሆን ቀርቶ ነበር። ደግሞስ ቢያምኑ የት ይጠለሉ? ጠንካራ ቤት ጥቂት ነበር። «ገበሬ ቢነግሩት አይሰማም» ከሚሉት ጋር እኛ አንስማማም።

ከዚያ ወዲህ የየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ተደራጁ። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ናቸው። አደጋ ሲቃረብ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ሦስት ባንዲራ ከታየ «አሁኑኑ ውጡ» ማለት ነው። ማንበብ የማይችልም ሰው ሦስት ድረስ ይቆጥራል። በረጃጅም ምሰሶ ላይ የቆሙ የሲሚንቶ መጠለያዎችም ተሠሩ። ግን ሥራው ቶሎ አልተዳረሰም። በ1983 ዓ.ም. በሌላ ማዕበል ወደ 140 ሺህ ሰው ሞተ። በ2000 ዓ.ም. እንደገና ብርቱ ማዕበል መጣ፤ የሞተው ከ3 ሺህ በላይ ነው። ይህም ቢሆን ብዙ ነው።

«ላሚቱስ?» እንደምትሉን እናውቃለን። እዚያም ገበሬው ከብቱን ጥሎ አልሄድ ብሎ አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ አፈር ከምረው ከፍ ያለ ጉብታ ሠሩ። ኪላ ይሉታል። ውሃው እስኪጎድል ከብቱ እዚያ ላይ ያድራል።