ጋጉልን ማን ገደላት?

ለዚህ እትም ከደረሱን ልቦለዶች ሦስቱ ጉድጓድ ይወርዳሉ። በሦስቱም ሐረግ የዋጠው ፍርስራሽ አለ፤ ጀግናው በገጀራ ይመነጥራል፣ ደረጃ ያገኛል፣ ችቦ ለኩሶ ይወርዳል፣ የሌሊት ወፍ ፊቱን ትገርፈዋለች፣ ከታች ወርቅ ይጠብቀዋል። በአንደኛው መንገድ የሚመሩት ሽማግሌ ገና በሦስተኛው አንቀጽ እባብ ነድፏቸው ይሞታሉ። በሁለተኛው ቦታውን የሚጠብቁት መነኩሴ አብደዋል። በሦስተኛው ከነጭራሹ ሰው የለም። ሦስቱንም መልሰናል። ጸሐፊዎቹ ተቀይመውናል፤ «እናንተ ምናብ አትወዱም» ብለውናል። እሺ፣ እንነጋገርበት።

ምናብ እንወዳለን። «የቤት ኪራይና የታክሲ ሰልፍ እያለ ስለ ዋሻና ስለ ዘንዶ መጻፍ ቅብጠት ነው» ከሚሉት ወገኖች ጋር አንድ አይደለንም። ጨለማ መውረድ ትልቅ ነገር ነው። ላሊበላ የሄደ ያውቀዋል፤ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልንና ቤተ መርቆሬዎስን በሚያገናኘው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ምእመኑ ያለ መብራት፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ያልፋል፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። እዚያ ውስጥ የገዛ እስትንፋስህ ያስደነግጥሃል። ግን ከፊትህ አንዲት እናት እየሄዱ ነው፤ «ራስህን ዝቅ አድርግ ልጄ» ይሉሃል። ፍርሃቱ አልቀነሰም፤ ሰውም አልጠፋም።

ክሳችን ሌላ ነው። የጀብዱ ልቦለዱ ጉድጓድ ባለቤት የለውም። ይኸ ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን የተወረሰ ነው፤ ከማን እንደተወረሰም እንናገራለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1871 ካርል ማውኽ የሚባል ጀርመናዊ ቁጥቋጦና ሐረግ የወረሰውን የታላቁ ዚምባብዌ የድንጋይ ግንብ አየ። በዙሪያው ሰው ይኖራል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ይዘራል። ማውኽ ግን ሰዎቹን ትቶ ከበሩ ጉበን ስንጣሪ እንጨት ቆረጠና ከእርሳሱ እንጨት ጋር አስተያየው። ተመሳሰለበት። እንግዲያው አርዘ ሊባኖስ ነው፤ ከሊባኖስ ከመጣ ይኸ ግንብ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ነው አለ። በአንዲት እርሳስ አንድ ሕዝብ አያት አልባ ሆነ! እኛ ኢትዮጵያውያን የሳባ ስም ሲጠራ ደስ ይለናል፤ በዚህኛው ግን ደስ ሊለን አይገባም፤ የሰው ቤት ነው።

ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1885፣ ራይደር ሃጋርድ «የንጉሥ ሰሎሞን የማዕድን ጉድጓዶች» የተባለውን ልቦለድ አሳተመ። ሦስት እንግሊዛውያን ከተራራ ሥር ይወርዳሉ። ከታች የሞቱ ነገሥታት ከዋሻው ጣሪያ በሚንጠባጠበው ውሃ ድንጋይ ለብሰው ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ እውነት ለመናገር ይኼን ክፍል ስናነብ ፀጉራችን ቆሟል፤ ሰውዬው መጻፍ ይችላል። የድንጋዩን በር ምስጢር የምታውቀው አንዲት አሮጊት ብቻ ናት፤ ጋጉል። ጠንቋይ አድርጎ፣ ከዝንጀሮ አመሳስሎ ሣላት። በሩን ዘግታባቸው ልታመልጥ ስትል ድንጋዩ ወርዶ ይጨፈልቃታል። ፋውላታ የምትባለው ጥቁር ወጣትም እዚያው በጩቤ ተወግታ ትሞታለች፤ ያውም ለነጭ ወዳጇ መሞቷ እንደሚሻል ራሷ ተናግራ! የተረፈው በኪሱ አልማዝ ሞልቶ ይወጣል። አስተውሉ፤ የሚያውቀው ሰው ካልሞተ ኪስ አይሞላም።

«ተረት እኮ ነው» ትሉን ይሆናል። ይሁን። በ1895 በዚያው አገር ጥንታዊ ፍርስራሾችን እየቆፈረ ወርቅ የሚያወጣ ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ ተቋቋመ፤ የሙታን ጌጥ እየቀለጠ ተሸጠ። በ1902 የታላቁ ዚምባብዌ ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ጋዜጠኛ ሪቻርድ ሆል ሁለት ዓመት ያህል አፈሩን አስዛቀው፤ ላይኛው የአፍሪካውያን ቆሻሻ ነው፣ እውነተኞቹ ግንበኞች ከሥር ናቸው ብሎ። ያስጣለው ራሱ ማስረጃው ነበር። ራንዳል ማካይቨር በ1905፣ ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን በ1929 መርምረው የአፍሪካውያን ሥራ ነው አሉ። ግንቡን ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት የሾና ሕዝብ አባቶች ናቸው። የሮዴዥያ ነጮች መንግሥት ግን ይኸ እንዲነገር አልፈለገም፤ አርኪዮሎጂስቱ ፒተር ጋርሌክ በ1970 ሥራውን ለቆ አገሩን ጥሎ ወጣ። ተረቱ ሰው ከሥራ ያባርራል ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ዓይነት ልቦለድ አላመለጥንም። ኤድጋር ራይስ በሮውስ በ1913 ለታርዛን ኦፓር የሚባል ዱር የዋጠው ከተማ ፈጠረለት፤ ከሥሩ የወርቅ ክምችት አለ፤ የሠሩት ደግሞ ከሰመጠችው ከአትላንቲስ የመጡ ናቸው። ጥቁሮቹ ምን ይሠራሉ? ወርቁን ይሸከማሉ። በ1916 በወጣው ተከታይ ታሪክ የምኒልክ ወታደሮች ብቅ ይሉና በዚያ ወርቅ ከባሪያ ነጋዴዎች ጋር ይታኮሳሉ፤ የአዛዣቸው ስም አብዱል ሙራቅ ነው። ከየት አመጣው? ጠይቆ የሚያርመው ሐበሻ አልነበረማ። ከ1996 ወዲህ በኮምፒውተር የሚጫወቱት «ቱም ሬይደር» ቢያንስ ስሙን አልደበቀም፤ መቃብር ዘራፊ ማለት ነው።

የሚያናድደን ይኸ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ በእኛው ልጆች ብዕር፣ በእኛው ፊደል ተመልሶ መምጣቱ ነው። አገር ቤት የተቀበረ ወርቅ ጠባቂ አለው ይባላል፤ ዝም ብሎ አይቆፈርም። አክሱም ላይ የንጉሥ ካሌብ መቃብር እስከ ቀይ ባሕር የሚደርስ መንገድ አለው እየተባለ ይተረካል። መንገዱ ባይኖርም ተራኪው አለ፤ ቤቱ እዚያው ነው፤ ልትወርድ ስትል «ወዴት ነው?» ይልሃል። ከዚህ የተሻለ የልቦለድ መክፈቻ ከየት ይመጣል?

ለመጀመሪያው ታሪክ ጸሐፊ የምንለው አለን። ደረጃው፣ ሽታው፣ በችቦው ጭስ የሚሸሹት የሌሊት ወፎች ጥሩ ተጽፈዋል፤ አንድ ቃል አንነካም። ሽማግሌው ግን ከእባቡ ይዳኑ። እስከ በሩ ይውረዱና እዚያ ቆመው ምን እንደሚሉ ጽፈህ አምጣልን። ለሚቀጥለው እትም አራት ገጽ ይዘንልሃል።